የማኅበራዊና ሕዝባዊ ፖሊሲ ጥናት ለመምህር ምን ይጠቅማል?



ማኅበራዊና ሕዝባዊ ፖሊሲ የተባለውን የትምህርት ዘርፍ በድኅረ ምረቃ ደረጃ የሚያጠኑ ሰዎች እንዳሉ ብዙዎቻችን ሰምተናል። ሁለተኛ ደረጃን ጨርሰን ለመጣን እጩ መምህራን ነገሩ ሩቅ ይመስላል። «ይህ የሚኒስቴር ሰዎች ጉዳይ ነው፤ እኛን ምን አገባን?» የሚልም አይጠፋም። እኔም እንደዚያ ነበር የማስበው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ግን ጥናቱ እኛንም እንደሚመለከት ማሳየት ነው።

በመጀመሪያ፣ ፖሊሲ ማለት አንድን የሕዝብ ችግር ለማቃለል መንግሥት ወይም ኃላፊነት ያለበት አካል የሚመርጠው የሥራ አቅጣጫ ነው። ማኅበራዊ ፖሊሲ ትምህርትን፣ ጤናን፣ መኖሪያ ቤትን፣ ጡረታንና የችግረኞችን ድጋፍ ይመለከታል። ሕዝባዊ ፖሊሲ ሰፋ ብሎ መንገዱንም፣ ግብሩንም፣ እርሻውንም ያጠቃልላል። የድኅረ ምረቃ ተማሪው ከኢኮኖሚክስ፣ ከፖለቲካ ሳይንስ፣ ከሶሲዮሎጂና ከስታትስቲክስ ያገኘውን እውቀት አቀናጅቶ አንድን ፖሊሲ ይመረምራል። ምርመራው በአራት ጥያቄዎች ሊጠቃለል ይችላል።

1ኛ/ ችግሩ ምንድን ነው? ችግር ነው ያለውስ ማነው?
2ኛ/ ማን ይጠቀማል? ማን ይከፍላል?
3ኛ/ በሥራ ላይ የሚያውለው ማነው? በምን አቅም?
4ኛ/ ውጤቱ ከታሰበው ጋር መግጠሙ በምን ይታወቃል?

እስቲ ከራሳችን ታሪክ ምሳሌ እንውሰድ። በ1964 ዓ.ም. «ሴክተር ሪቪው» የተባለው የትምህርት ጥናት ተካሄደ። ችግሩ እውነተኛ ነበር፤ ትምህርት ቤት የገባው ሕፃን ጥቂት ነው፣ ትምህርቱም ወደ ከተማ ያደላል። ጥናቱ ለብዙኃኑ የአራት ዓመት መሠረታዊ ትምህርት እንዲዳረስ፣ ከዚያ በላይ የሚያልፈው ቁጥር ግን የተወሰነ እንዲሆን ሐሳብ አቀረበ። መምህራንና ወላጆች ይህን «የደሃውን ልጅ መንገድ የሚዘጋ ነው» ብለው ተረዱት። መምህራን የካቲት 11 ቀን 1966 ዓ.ም. ሥራ አቆሙ፤ የቤንዚን ዋጋ የተጨመረባቸው ባለታክሲዎችም እንዲሁ። እቅዱ እንዲዘገይ ተደረገ። በዚያው ወር የጠቅላይ ሚኒስትር አክሊሉ ሀብተ ወልድ ካቢኔ ሥልጣኑን ለቀቀ። ለዚህ ብዙ ምክንያት ነበረው። ለእኛ የሚሆነው ትምህርት ግን ግልጽ ነው፤ መምህሩ ያላመነበት የትምህርት ፖሊሲ ወረቀት ላይ ይቀራል።

ታዲያ ፖሊሲ የሚባለው ትልቁ ብቻ ነው? አይደለም። ሰባተኛ ክፍል ሳለሁ የክፍል አለቃ ነበርኩ። የትምህርት ቤቱ ደንብ «ዩኒፎርም ያልለበሰ አይገባም» ይል ነበር። ሐሳቡ ክፉ አልነበረም፤ የሀብታምና የደሃ ልጅ በልብስ እንዳይለይ ነው። ያልለበሱትን ስም እየጻፍኩ የማስረክበው እኔ ነኝ። አንድ የሰፈሬን ልጅ ሦስት ቀን ጻፍኩት። በአራተኛው ቀን አልመጣም። በኋላ ያየሁት ገበያ ውስጥ የሰው ዕቃ ሲሸከም ነው። አልተቀየመኝም፤ ሰላም ብሎኝ አለፈ። እስከ ዛሬ የሚቆጠቁጠኝም ይኸው ሰላምታው ነው።

አሁን አራቱን ጥያቄዎች በዚህ ደንብ ላይ እናንሣ። ችግሩ የደሃው በልብሱ መለየት ነበር። ዋጋውን የከፈለው ግን ያው ደሃው ነው። ያስፈጸምኩት እኔ፣ በአንድ እርሳስ። ውጤቱን የመረመረም አልነበረም፤ መዝገቡ ዩኒፎርም ያልለበሰውን እንጂ ትምህርት ያቋረጠውን አይቆጥርምና።

አሜሪካዊው የፖለቲካ ሳይንስ ምሁር ማይክል ሊፕስኪ እ.ኤ.አ. በ1980 ባሳተመው መጽሐፍ ይህንኑ ያስረዳል። መምህሩ፣ ፖሊሱና የማኅበራዊ አገልግሎት ሠራተኛው በየቀኑ የሚወስኑት ውሳኔ ተደማምሮ ለሕዝቡ ፖሊሲው ራሱ እሱ ይሆናል። እንግሊዛዊው ሪቻርድ ቲትመስ ደግሞ ለችግረኛ ብቻ ተለይቶ የሚሰጥ እርዳታ ኀፍረት እንደሚያስከትል አጥብቆ ያስተምር ነበር። ዩኒፎርም በሰልፍ ፊት ስም እየተጠራ ቢታደል ልጁ ተምሮ ይሆናል፤ ግን አንገቱን ደፍቶ ነው። የሚገርመው፣ ቲትመስ በ14 ዓመቱ ከትምህርት ቤት የወጣ፣ ዲግሪ ያልነበረው ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ1950 ግን በለንደን የኢኮኖሚክስ ትምህርት ቤት የዚህ ዘርፍ ፕሮፌሰር ሆኗል።

እንግዲህ ከመካከላችን ወደ ድኅረ ምረቃ የሚደርስ ይኖራል፤ የማይደርስም ይኖራል። አራቱን ጥያቄዎች ለመጠየቅ ግን ዲግሪ መጠበቅ አያስፈልግም። «ተቀምጠው የሰቀሉትን ቆመው ማውረድ ይቸግራል» ይባላል። ነገ የስም መጥሪያው በእጃችን ሲገባ፣ የቀረውን ልጅ ስም ላይ ምልክት ከማድረጋችን በፊት ለምን እንደቀረ እንጠይቅ።

ለውይይት፦ በተማራችሁበት ትምህርት ቤት ለበጎ ታስቦ ተማሪን ያስቀረ ደንብ ነበር? እናንተ ብትሆኑ እንዴት ታሻሽሉት ነበር?