በፈረንሳይ ኪቦርድ አማርኛ መጻፍ

በጅቡቲ ከተማ የሚሸጡት ኪቦርዶች በብዛት የፈረንሳይ ናቸው። ልጆቻችን ከትምህርት ቤት የፊደል ገበታ ወደ ኮምፒውተር ሲዞሩ ብዙ ጊዜ አማርኛውን በላቲን ፊደል ይጽፉታል። እንዲህ ሲጻፍ «ተፋ» እና «ጠፋ» ይመሳሰላሉ፤ የሰው ስምም ይበላሻል። ነገሩ ግን መፍትሔ አለው። ሊኑክስ የተጫነበት ኮምፒውተር አማርኛን በነፃ ያጽፋል። ከእኛ የሚጠበቀው ሁለት ጥያቄ መመለስ ነው፦ በቁልፎቹ ላይ የታተመው የየትኛው አገር አቀማመጥ ነው? የምንጽፈውስ በየትኛው ቋንቋ ነው? ብዙ ሰው የሚቸገረው ሁለቱን ጥያቄዎች እንደ አንድ ስለሚያያቸው ነው።

ችግሩ ከየት መጣ?

የአማርኛ መሠረታዊ ፊደላት 33 ናቸው። እያንዳንዳቸው በ7 ድምፅ ሲረቡ 231 ይሆናሉ፤ እነ ሏ እና ሟ ሲጨመሩ ደግሞ ቁጥሩ ከዚህም ያልፋል። የኪቦርድ ቁልፎች ግን ከመቶ ብዙም አይበልጡም። በጽሕፈት መኪና ዘመን ኢንጂነር አያና ብሩ የታገሉት ከዚሁ ችግር ጋር ነበር። በ1999 እ.ኤ.አ. የወጣው ዩኒኮድ 3.0 ለፊደላችን የራሱን ስፍራ ስለሰጠው፣ ዛሬ ከጅቡቲ የተላከ ጽሑፍ አዲስ አበባ ላይ ሳይበላሽ ይነበባል። የቀረው ሥራ የጣታችንን ምት ወደ ፊደል መቀየር ነው።

አቀማመጡን መምረጥ

እዚህ የምናየው ዙቡንቱ የተባለውን ሊኑክስ ነው፤ ቀላል ስለሆነ ለቆዩ ኮምፒውተሮችም ይስማማል። «ሴቲንግስ» ውስጥ «ኪቦርድ»ን፣ ከዚያም «ሌይአውት» የሚለውን ክፈቱ። «የሲስተሙን ተጠቀም» የሚለውን ምልክት አንሱና ፈረንሳይኛን ጨምሩ። የፈረንሳዩ አቀማመጥ አዜርቲ ይባላል፤ የእንግሊዝኛው ደግሞ ክወርቲ። ስማቸው የተወሰደው በላይኛው የፊደል ረድፍ ላይ ካሉት የመጀመሪያ ፊደሎች ነው።

አማርኛን መጨመር

አይባስ የተባለውን ፕሮግራምና ኤም17ኤን የተባለውን ተጨማሪውን ከሶፍትዌር ማዕከሉ ጫኑ። ከኮምፒውተሩ ወጥታችሁ እንደገና ከገባችሁ በኋላ የአይባስን ምርጫዎች ክፈቱ። ከቋንቋዎቹ ዝርዝር አማርኛን፣ ከሥሩም «ሴራ» የሚለውን ጨምሩ። ስሙ አያስደንግጣችሁ፤ ማንም ላይ የተሸረበ ነገር የለም፤ የእንግሊዝኛ ስሙ ምህጻረ ቃል ነው። ከፈረንሳይኛ ወደ አማርኛ ለመሻገር የዊንዶውስ ምልክት ያለበትን ቁልፍ ይዞ ስፔስ መንካት ይበቃል።

አጻጻፉ

ፊደሎቹን በእንግሊዝኛ አጠራራቸው እንጥራቸው። ኤም ብቻውን ሲመታ «ም» ይሆናል። ኤም እና ኢ «መ»፣ ኤም እና ዩ «ሙ»፣ ኤም እና አይ «ሚ»፣ ኤም እና ኤ «ማ»፣ ኤም እና ኦ «ሞ» ይሆናሉ። ለ«ሜ» ኢን ከሺፍት ጋር እንመታለን። አንዳንድ ጠንካራ ድምፆችም ሺፍት ይፈልጋሉ፤ ቲ «ት» ሲሆን ቲ ከሺፍት ጋር «ጥ» ነው፤ ሲ «ች» ሲሆን ሲ ከሺፍት ጋር «ጭ» ነው። «ሽ» በኤክስ ይጻፋል። ስለዚህ «ተፋ» ወደ «ጠፋ» የሚለወጠው በአንድ ሺፍት ነው። ካፕስ ሎክ በርቶ ከቀረ ግን ጽሑፉ ሁሉ ይዘበራረቃል፤ መጀመሪያ እሱን ተመልከቱ።

ሁለቱን ጥያቄዎች የሚፈትን ቃል

አሁን «ሰላም» ብላችሁ ጻፉ። «ሰላም» ከወጣ ሁሉም ተስተካክሏል። «ሰልቅ፤» ከወጣ ግን ኮምፒውተሩ ኪቦርዳችሁን ክወርቲ ነው ብሎ አምኗል። ምክንያቱ ይህ ነው፦ አዜርቲ ላይ ኤ የታተመበት ቁልፍ ክወርቲ ላይ የኪው ቦታ ነው፤ ኪው ደግሞ «ቅ» ነው። ኤም የታተመበት ቁልፍም ክወርቲ ላይ የድርብ ሰረዝ ቦታ ነው። ኤስ፣ ኢ እና ኤል በሁለቱም ላይ ቦታቸው አንድ ስለሆነ «ሰል» ሳይበላሽ ቀረ። ታዲያ ጥፋቱ የአማርኛው አይደለም፤ ያልተመለሰው የመጀመሪያው ጥያቄ ነው። በአይባስ ምርጫዎች የመጨረሻ ክፍል «የሲስተሙን የኪቦርድ አቀማመጥ ተጠቀም» የሚል ሳጥን አለ፤ ምልክት አድርጉበትና እንደገና ሞክሩ።

የፈረንሳዩ ኪቦርድ አማርኛ ጸሐፊን የሚጠቅምበት ነገርም አለው። ነጠላ ሰረዝ፣ ድርብ ሰረዝና ሁለት ነጥብ የሚወጡባቸው ቁልፎች ከታች በስተቀኝ ጎን ለጎን ተሰልፈዋል፤ ሦስቱም ሺፍት አያስፈልጋቸውም። የሁለት ነጥቡን ቁልፍ ሁለት ጊዜ ብንመታው አራት ነጥብ (።) ይወጣል። በክወርቲ ግን ለአራት ነጥብ ሺፍት መያዝ ግድ ነው።

ማውዝን ለልጁ እጅ

በግራ እጁ የሚጽፍ ልጅ በቀኝ እጁ ማውዝ እንዲይዝ ማስገደድ አያስፈልግም። «ማውዝ እና ታችፓድ» የሚለውን ክፈቱና «ግራ እጅ» የሚለውን ምረጡ፤ የግራና የቀኝ ቁልፎች ሥራቸውን ይለዋወጣሉ። ቀስቱ ለትንንሾች እየፈጠነ ካስቸገረ ፍጥነቱን እዚያው ቀንሱ። ሁለት ጊዜ በፍጥነት መጫን ለሚከብደው ልጅ ደግሞ በሁለቱ ምቶች መካከል የሚፈቀደውን ጊዜ ማርዘም ይቻላል።

መልመጃ ለተማሪዎችና ለወላጆች

1. የራሳችሁን፣ የአባታችሁንና የአያታችሁን ስም በፊደላችን ጻፉ። ወላጆች፣ እያንዳንዱን ፊደል አብራችሁ አርሙ።
2. «ተፋ» እና «ጠፋ»ን በሁለት የተለያዩ ዓረፍተ ነገሮች ጻፉ፤ ዓረፍተ ነገሮቹን በአራት ነጥብ ዝጉ።
3. ኪቦርዱ ክወርቲ ሆኖ ኮምፒውተሩ አዜርቲ ነው ብሎ ቢያምን «ሰላም» ምን ሆኖ ይወጣል? ኮምፒውተሩን ሳትነኩ በወረቀት ላይ አስቡት፤ ከዚያ ሞክሩት።
4. አገር ቤት ላለ ዘመድ አንድ ገጽ ደብዳቤ በአማርኛ ጽፋችሁ ላኩ።