ወደ ሜታል ዲቴክተር ለምትመለሱ ማሳሰቢያ፦ ከመሣሪያው በፊት ፈቃዱ

እንግሊዝ አገር ውስጥ በታረሰ ማሳ ላይ ዲቴክተር እያወዛወዙ የድሮ ሳንቲምና የልብስ ቁልፍ የሚፈልጉ ሰዎች ብዙ ናቸው። ልጅ መጣ፣ ሥራ በዛ ብለን መሣሪያውን ለዓመታት ጓዳ ካስቀመጥን በኋላ እንደገና ለመውጣት የተነሳን ሐበሾችም አለን። ይህን የምጽፈው ለእነዚህ ተመላሾች ነው። ብዙዎቻችን በቅድሚያ የምንጠይቀው “የትኛውን ልግዛ?” ብለን ነው። እኔ ግን ሌላ ጥያቄ ይቅደም እላለሁ። (ዓመቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ የኢትዮጵያው አዋጅ ግን በእኛው ነው።)

የምትፈትሹበትን መሬት ሳታውቁ መሣሪያ አትግዙ። እዚህ አገር ባለቤት የሌለው መሬት የለም። ገበሬውን ጠይቁ፤ ማሳው የኪራይ ከሆነ ባለመሬቱንም ጠይቁ። ፈቃዱን በጽሑፍ ያዙ፣ የሚገኘው ነገር እንዴት እንደሚካፈልም እዚያው ላይ ይስፈር። ለንደን ያላችሁ፣ ሃይድ ፓርክን በመሳሰሉ የንጉሣዊ ፓርኮች ውስጥ መፈተሽ ክልክል ነው። የቴምዝን ዳርቻ ያለ ለንደን ወደብ ባለሥልጣን ፈቃድ መፈተሽ አይቻልም፤ መሣሪያ ሳይዙ በዓይን ብቻ መፈለግ እንኳ ፈቃድ ይጠይቃል። በሕግ በተጠበቀ ጥንታዊ ስፍራ ላይ ያለ ፈቃድ ዲቴክተር መጠቀም ደግሞ በ1979 በወጣው ሕግ ወንጀል ነው።

መሬቱ ከታወቀ በኋላ መሣሪያውን በመሬቱ ልክ ምረጡ። መካከለኛ ዋጋ የምለው ከ250 እስከ 600 ፓውንድ ያለውን ነው፤ እናንተ መሣሪያውን ካስቀመጣችሁ ወዲህ ብዙ የተለወጠውም በዚህ ዋጋ ላይ ነው። ድሮ የያዝናቸው አብዛኞቹ በአንድ ፍሪኩዌንሲ ብቻ ይሠሩ ነበር። ዝቅ ያለ ፍሪኩዌንሲ ትልልቅ የብር ሳንቲምን በጥልቀት ይሰማል፤ ከፍ ያለው ትንሹንና ቀጭኑን ይለያል። ዛሬ ሁለቱን በአንድ ጊዜ የሚያዳምጥ ባለ ብዙ ፍሪኩዌንሲ መሣሪያ በመካከለኛ ዋጋ ይገኛል።

ይህ ማለት ግን ሁሉም ሰው ባለ ብዙውን ይግዛ ማለት አይደለም። ፈቃድ ያላችሁ በደረቅ ማሳ ላይ ከሆነ የቱርኩ ኖክታ ሲምፕሌክስ ፕላስ በቂ ነው፤ በ12 ኪሎ ኸርዝ ብቻ ይሠራል፣ ሙሉው መሣሪያም እስከ 3 ሜትር ውኃ ይችላል። እርጥብ የባሕር አሸዋ ላይ ግን ነገሩ ይለወጣል። ጨዋማ ውኃ ራሱ ኤሌክትሪክ ስለሚያስተላልፍ ባለ አንድ ፍሪኩዌንሲው ምንም በሌለበት ይጮኻል። ለባሕር ዳርቻ የኖክታን ሌጀንድ ወይም የአውስትራሊያውን ማይንላብ ኢኪውኖክስ ተመልከቱ። የማይንላብ ቫንኲሽም ባለ ብዙ ፍሪኩዌንሲ ነው፣ ዋጋውም ቀለል ይላል፤ በቀድሞዎቹ ሞዴሎች ግን ውኃ የሚችለው መሬቱን የሚፈትሸው ታችኛው ኮይል እንጂ ስክሪን ያለበት ሳጥኑ አይደለም። ማዕበል ውስጥ የምትገቡ ከሆነ እነርሱን አትምረጡ።

የጥልቀት ማስታወቂያ አያታልላችሁ። በዚህ ዋጋ ያለ መሣሪያ አንዲት ሳንቲም የሚሰማው በአብዛኛው ከ20 እስከ 25 ሴንቲ ሜትር ድረስ ነው፤ ከዚያ በላይም አያስፈልጋችሁም። የእንግሊዝና የዌልስ የዲቴክተር ተጠቃሚዎች ሥነ ምግባር ደንብ ማረሻ ከደረሰበት በታች አትቆፍሩ ይላል፤ ከዚያ በታች ያለው ያልተነካ የታሪክ ንብርብር ስለሆነ። ውድ መሣሪያም ግድ አይደለም፤ በ2009 ስታፎርድሺር ውስጥ በአንድ ማሳ የአንግሎ ሳክሰን ወርቅና ብር ክምችት ተገኝቶ 3.285 ሚሊዮን ፓውንድ ተገመተ። አግኚው የያዘው፣ በወቅቱ እንደተዘገበው፣ በ2 ፓውንድ ከ50 የገዛው አሮጌ መሣሪያ ነበር። ፈቃድና ትዕግሥት ነበረው፣ ያገኘውንም አስመዘገበ።

ስክሪኑ ላይ የሚታየው ቁጥር የብረቱ ስም አይደለም። የለስላሳ ቆርቆሮ መክፈቻና የወርቅ ቀለበት ብዙ ጊዜ አንድ ዓይነት ቁጥር ይሰጣሉ። ቆሻሻውን ላለመስማት ያንን ቁጥር የዘጋ ሰው ወርቁንም ዘግቶታል። የድሮ ልማዳችን ይህ ነበርና ተዉት፤ በጆሯችሁ አዳምጡ።

ገንዘቡን ሁሉ በመሣሪያው ላይ አትጨርሱ። ለፒንፖይንተር (ጉድጓዱ ውስጥ ዕቃው ያለበትን ለሚጠቁመው ትንሽ የእጅ መሣሪያ)፣ ለጆሮ ማዳመጫና ለጥሩ አካፋ አስቀሩ። ከመክፈላችሁ በፊት ሱቅ ገብታችሁ ያዙት፣ አወዛውዙት፤ 1.3 ኪሎ ገደማ የሚመዝን ነገር ከአራት ሰዓት በኋላ ክንድ ላይ ሌላ ክብደት አለው። የታወቁ ብራንዶች ሐሰተኛ ቅጂ ስላለ ከተፈቀደለት ነጋዴ ግዙ።

ጉድጓዱን ድፈኑ፣ ሣሩን እንደነበረ መልሱ፣ ቆሻሻውን ይዛችሁ ውጡ። ጥይት ወይም ቦምብ የሚመስል ነገር ካያችሁ አትንኩት፤ ራቁና 999 ደውሉ። ያገኛችሁትን ሳንቲም ለማጽዳት ብላችሁ አትፈግፍጉ።

ያገኛችሁትን አትደብቁ። ይህን አጥብቄ አሳስባለሁ። በ1996ቱ የትሬዠር ሕግ መሠረት ዕድሜው ከ300 ዓመት የበለጠና ከመቶ ቢያንስ 10 እጁ ወርቅ ወይም ብር የሆነ ዕቃ፣ ወይም በአንድ ቦታ የተገኙ ሁለትና ከዚያ በላይ እንዲህ ያሉ ሳንቲሞች በ14 ቀን ውስጥ ኮሮነር ለሚባለው የአካባቢው መርማሪ ባለሥልጣን መነገር አለባቸው። ከሐምሌ 2023 ጀምሮ ከ200 ዓመት በላይ የሆኑ ልዩ ታሪካዊ ዋጋ ያላቸው የብረት ዕቃዎችም ተጨምረዋል፤ ቆይታችሁ የተመለሳችሁ ይህን ላትሰሙ ትችላላችሁ። ስኮትላንድ ሕጉ ሌላ ነው፤ እዚያ ግኝቱ የመንግሥት ነው። በ2015 ሄሬፎርድሺር ውስጥ ሁለት ሰዎች ያገኙትን የቫይኪንግ ዘመን ክምችት ደብቀው ሸጡ። 300 ይደርሳሉ ከተባሉት ሳንቲሞች ፍርድ ቤት ሲቀርቡ በእጅ የነበሩት 31 ብቻ ነበሩ። በ2019 ረጅም እስራት ተፈረደባቸው። በዚያ ዘመን የነበረው ንጉሥ አልፍሬድ ከጎረቤቱ ንጉሥ ከኬዎልውልፍ ጋር የነበረውን ኅብረት የሚመሰክሩት የቀሩት ሳንቲሞች ግን ተበትነዋል።

ኢትዮጵያ ስትሄዱ ዲቴክተሩን ይዛችሁ አትሂዱ። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 ያለ ፈቃድ ቅርስ መፈለግ የተከለከለ ነው፤ ጦርነት ባለፈባቸው ቦታዎችም ያልፈነዳ ጥይትና ፈንጂ በአፈር ውስጥ አለ።

የምትፈትሹበት ማሳ ገና ከሌላችሁ ገንዘባችሁን አስቀምጡ። መሣሪያው ሱቅ ውስጥ ይቆያችኋል፤ ማሳው ግን የሚመቸው እህሉ ታጭዶ አዲሱ ዘር እስኪበቅል ድረስ ነውና፣ ገበሬውን አሁኑኑ አነጋግሩ።