ዕዳ ሰብሳቢ ሲደውል፦ ሐቅን መክፈል፣ ማስረጃን መጠየቅ

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም



አንድ የሁለተኛ ዓመት ወንድማችን ከጁምዓ በኋላ ለብቻችን ጠርቶን ስልኩን አሳየን። ከአንድ ቁጥር በተደጋጋሚ ተደውሎለታል፤ እሱ ግን አያነሳም። ነገሩ የጀመረው ከስምንት ወር በፊት ነው። ኳስ ሲጫወት ወድቆ እጁ ተሰበረ። ጓደኞቹ ኢመርጀንሲ ወሰዱት፣ የኢንሹራንስ ካርዱን አሳየ፣ እጁ በጄሶ ታሰረለትና ወጣ። ከዚያ በኋላ ፖስታዎች መጡ፤ አልከፈታቸውም። «ኢንሹራንስ አለኝ፣ እነሱ ይጨርሱታል» ብሎ ነበር። አሁን ብዙዎቻችን «ኮሌክሽን» የምንለው ዕዳ ሰብሳቢ ድርጅት 1,870 ዶላር ይጠይቀዋል። በመጀመሪያው ስልክ ደንግጦ 200 ዶላር በካርድ ከፈለ፤ ከዚያ ወዲህ መደበቅ ጀመረ። የጠየቀን ግን ስለ ገንዘቡ አልነበረም። «ይህን ዕዳ ይዤ ብሞትስ?» ነው ያለን።

ጥያቄው የሚያስቅ አይደለም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ዕዳ ኖሮበት በሞተ ሰው ላይ ከመስገድ ተቆጥበው፣ ሶሓባው አቡ ቀታዳ ዕዳውን በራሱ ላይ ከወሰደ በኋላ እንደሰገዱበት በቡኻሪ ተዘግቧል። በሶላታቸው ውስጥም ከዕዳ በአላህ ይጠበቁ ነበር። መክፈል እየቻለ የሚያጓትት ሰው በዳይ እንደሆነ አስተምረውናል። ዕዳን የሚፈራ ልብ ጤነኛ ልብ ነው። ወንድማችን የተሳሳተው በፍርሃቱ ሳይሆን ፍርሃቱ ባስደረገው ነገር ነው፤ ያላረጋገጠውን ከፈለ፣ ቀጥሎም ዝም አለ።

ዝምታውን እንረዳዋለን። አገር ቤት ሐኪም ቤት ስንሄድ ካርድ እናወጣለን፣ ለምርመራው እንከፍላለን፣ መድኃኒታችንን ገዝተን እንወጣለን። ሂሳቡ እዚያው ያልቃል። እዚህ አሜሪካ ግን ለአንድ ሌሊት ሕክምና ሆስፒታሉ፣ ሐኪሙ፣ ራጅ አንባቢውና አምቡላንሱ በየራሳቸው ቢል ይልካሉ፤ ያም ከወራት በኋላ ሊሆን ይችላል። የትኛው እውነተኛ ዕዳ፣ የትኛው የኢንሹራንሱ ድርሻ፣ የትኛው ስህተት እንደሆነ ለመለየት እዚህ የተወለዱትም ይቸገራሉ።

ዲናችን ማስረጃ ይጠይቃል

በቁርኣን ውስጥ ረጅሙ አያ የሱረቱል በቀራ 282ኛው ነው፤ የሚናገረውም ስለ ዕዳ ነው። ዕዳ እንዲጻፍ፣ ጸሐፊው ትክክለኛ እንዲሆን፣ ምስክር እንዲኖር ያዛል። በሸሪዓ ፍርድ ውስጥም የታወቀ መሠረት አለ፦ ማስረጃ የማቅረብ ግዴታ «አለኝ» ባዩ ላይ ነው። ስለዚህ ለደወለላችሁ ሰው «ይህ ዕዳ የእኔ መሆኑን፣ መጠኑም ይህ መሆኑን በጽሑፍ አሳየኝ» ማለት ከዕዳ መሸሽ አይደለም። የታዘዝነው ይህንኑ ነው።

የዚህ አገር ሕግም በዚህ ጉዳይ ከእኛ ጋር ይገጥማል። በ1977 የወጣው የፌዴራል የዕዳ አሰባሰብ ሕግ፣ ሰብሳቢው ለመጀመሪያ ጊዜ ሲያነጋግራችሁ ወይም ከዚያ በኋላ በ5 ቀን ውስጥ የዕዳውን ዝርዝር በጽሑፍ እንዲሰጣችሁ ያስገድዳል፤ ባለዕዳነቱ ለማን እንደሆነና መጠኑ ስንት እንደሆነ። ያ ወረቀት ከደረሳችሁ በኋላ 30 ቀን አላችሁ። በእነዚህ ቀናት ውስጥ «ይህን ዕዳ አላምንበትም፣ አረጋግጡልኝ» ብላችሁ በጽሑፍ ከላካችሁ ማረጋገጫውን እስኪልክ ድረስ መጠየቁን ማቆም አለበት። በስልክ መናገር ይህን ጥበቃ አያስገኝም። ደብዳቤውን ፖስታ ቤት ሄዳችሁ በአደራ፣ ደረሰኝ ተቀብላችሁ ላኩ፤ ቅጂውን አስቀሩ።

በዚያ ስልክ ላይ ምን እንበል? ትንሽ። የድርጅቱን ስምና አድራሻ ጠይቁ፣ «በጽሑፍ ላኩልኝ» በሉ፣ ዝጉ። የባንክ ቁጥርም ሆነ የካርድ ቁጥር አትስጡ፤ «አዎ የእኔ ነው» ብላችሁም አትመኑ። በእኛ ዘንድ ይህ ከሌላው ሰው የበለጠ ያስፈልጋል። መሐመድ አሕመድ የሚባል ሰው በአንድ ከተማ ውስጥ ስንት እንደሆነ አስቡት። የሌላ መሐመድ ቢል እኛ ዘንድ ቢመጣ አያስደንቅም።

ትሕትናችን ግን ከእኛ አይለይ። አንድ ሰው የግመል ዕዳውን ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሲጠይቅ ንግግሩን አከረረ። ሶሓባዎች ሊነሱበት ሲሉ እሳቸው ከለከሏቸው፤ ባለሐቅ መናገር እንደሚችል ነግረው ከግመሉ የተሻለ ግመል እንዲሰጠው አዘዙ። ስልኩን የያዘው ሠራተኛም ለእንጀራው የሚሠራ ሰው ነው፤ አትሳደቡት። እሱም ቢሆን ወሰን አለው። ከጠዋቱ 2 ሰዓት በፊትና ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ መደወል አይችልም፤ ይህ በአገር ቤት አቆጣጠር ነው። በሰባት ቀን ውስጥ ስለ አንድ ዕዳ ከሰባት ጊዜ በላይ ቢደውል ሕጉን እንደጣሰ ይገመታል። ዕዳችሁን ለክፍል ጓደኛችሁ ወይም ለአሠሪያችሁ መንገር፣ «ፖሊስ እልክብሃለሁ» ወይም «ቪዛህን አስሰርዛለሁ» ብሎ ማስፈራራት ክልክል ነው። የሕክምና ዕዳ በራሱ አያሳስርም። የፍርድ ቤት መጥሪያ ከመጣ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ በተሰጠው ቀን ካልመለሳችሁ ዳኛው ያላችሁበትን ሳይሰማ ሊፈርድባችሁ፣ ከደመወዝም ሊያስቆርጥ ይችላል። መጥሪያ የደረሰው ሰው ያንኑ ሳምንት የዩኒቨርሲቲውን የሕግ ድጋፍ ቢሮ ወይም ነፃ የሕግ አገልግሎት ይፈልግ።

ኢንሹራንሱ ለምን አልከፈለም?

ከሰብሳቢው ጋር ከመከራከር በፊት መታየት ያለበት ይህ ነው። ኢንሹራንሱ «ኤክስፕላኔሽን ኦፍ ቤኔፊትስ» የሚል ወረቀት ይልካል። ላዩ ላይ ቢል አለመሆኑ ስለሚጻፍበት ብዙዎቻችን እንጥለዋለን። ያልከፈለበት ምክንያት የሚገኘው ግን እዚያ ወረቀት ላይ ነው። አንዳንዴ ምክንያቱ ተራ ነገር ነው። የምንጠራው በአባትና በአያት ስም ስለሆነ ዩኒቨርሲቲው አባታችንን፣ ሆስፒታሉ አያታችንን የመጨረሻ ስም አድርጎ ይመዘግባል፤ ኢንሹራንሱ ሁለት ሰው ይመስለዋል። የልደት ቀን ከኢትዮጵያ አቆጣጠር ሲገለበጥም ይሳሳታል። ሌላው የተለመደ ምክንያት ኢንሹራንሱ «ሌላ መድን አለህ ወይ?» ብሎ የላከው ቅጽ ሳይመለስ መቅረቱ ነው። የወንድማችን ጉዳይ ይኸው ሆነ። ቅጹ የተላከው ከለቀቀው ዶርም ነበር።

ስህተቱ እንዲህ ከሆነ አንድ ስልክና አንድ ቅጽ ሊያስተካክለው ይችላል። «ሕክምናው አስፈላጊ አልነበረም» የሚል ከሆነ ግን ይግባኝ ነው። በአብዛኛው መድን፣ መከልከሉ ከተነገራችሁ ቀን ጀምሮ 180 ቀን አላችሁ። ኢንሹራንሱ በይግባኙም እምቢ ካለ በአራት ወር ውስጥ ከኢንሹራንሱ ውጭ የሆነ ገለልተኛ መርማሪ እንዲያየው መጠየቅ ይቻላል፤ የዚያ መርማሪ ውሳኔ ኢንሹራንሱን ያስገድደዋል። አንዳንድ የተማሪ መድን በሌላ ደንብ ስለሚተዳደር የእናንተን ከዩኒቨርሲቲው የኢንሹራንስ ቢሮ ጠይቁ። ከጥር 2022 በፈረንጆች ጀምሮ ደግሞ ለኢመርጀንሲ የሄደ ሰው፣ ሆስፒታሉ ከኢንሹራንሱ ጋር ውል ስለሌለው ብቻ ልዩነቱን ክፈል አይባልም። የምድር አምቡላንስ ከዚህ ሕግ ውጭ መቅረቱ ግን ያሳዝናል፤ ብዙ ተማሪ የሚመታው በእሱ ነው።

ለሆስፒታሉም ደውሉ። ጉዳዩ በኢንሹራንስ ዘንድ እየታየ እንደሆነ ንገሩና ሂሳቡን ከኮሌክሽን እንዲመልሰው ጠይቁ፤ ዝርዝር ቢልም አስልኩ። ለትርፍ ያልቆመ ሆስፒታል ከሆነ ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆኑ ሕሙማን የእርዳታ ደንብ እንዲኖረው በሕግ ይገደዳል፤ ብዙዎች «ቻሪቲ ኬር» ይሉታል። ማመልከቻውን ከመጀመሪያው ቢል ጀምሮ እስከ 240 ቀን መቀበል አለበት፤ ሂሳቡ ኮሌክሽን ቢሄድም እንኳ። ይህን ለእናትና አባቶቻችሁም ንገሩ። እንግሊዝኛ ለሚከብዳቸው ሆስፒታሉ በነፃ አስተርጓሚ እንዲያቀርብ መጠየቅ መብታቸው ነው፤ በየቢሉ ልጅን ከክፍል ማስወጣት አያስፈልግም።

ከወለድ ነፃ የነበረውን ዕዳ ወለድ ውስጥ አንክተት

እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ፤ ብዙ ሙስሊም ተማሪ ሳያውቅ የሚወድቅበት ቦታ ነውና። የሆስፒታል ቢል ብዙውን ጊዜ ወለድ የለበትም። ተማሪው ግን «ከዚህ ጭንቀት ልገላገል» ብሎ በክሬዲት ካርድ ይከፍለውና ካርዱን በወሩ መዝጋት ያቅተዋል። ወይም ሆስፒታሉ መስኮት ላይ «ለስድስት ወር ወለድ የለውም» ተብሎ የሕክምና ክሬዲት ካርድ ይሰጠዋል። በእንዲህ ያሉ ካርዶች ብዙዎቹ ላይ፣ ጊዜው ሲያልቅ ጥቂት ዶላር እንኳ ከቀረ ወለዱ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ተቆጥሮ ይመጣል። ፊርማው የተፈረመው ለሪባ ውል ነው። የሕክምና ዕዳነቱም ይጠፋል፤ ያለው የካርድ ዕዳ ነው። ከዚህ ይልቅ ሆስፒታሉን በቀጥታ ያለ ወለድ በየወሩ እንድትከፍሉ ጠይቁ። ብዙዎቹ ይስማማሉ። አላህ (ሱ.ወ) በዚያው ሱራ 280ኛ አያ ላይ ለተቸገረ ባለዕዳ ጊዜ መስጠትን አዟል፤ ቢተዉለትም የተሻለ እንደሆነ ነግሮናል። ጊዜ መጠየቅ አያሳፍርም።

ቅናሽ መጠየቅስ? ከዕብ ኢብኑ ማሊክ ኢብኑ አቢ ሐድረድን በመስጂድ ውስጥ ዕዳውን ሲጠይቀው ድምፃቸው ከፍ አለ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ከቤታቸው ሰምተው መጋረጃውን ገለጥ አድርገው ወጡ፤ ከዕብን ግማሹን እንዲተው በእጃቸው አመለከቱት፤ እሺ ሲል ባለዕዳውን ተነስቶ እንዲከፍል አዘዙት። በአንድ ጊዜ ሁለቱንም አየን፦ ባለገንዘቡ ይቀንሳል፣ ባለዕዳው ደግሞ ሳያጓትት ይከፍላል። እዚህም ሰብሳቢዎች ቅናሽ መቀበላቸው የተለመደ ነው። በተጨማሪም ዋጋው አስቀድሞ ሳይነገር ለተሰጠ አገልግሎት ፉቀሃዎች የሚመለሱበት መለኪያ «ኡጅረቱል ሚስል»፣ ማለትም ለመሰል አገልግሎት የተለመደው ዋጋ ነው። ስለዚህ «ለሌላው ስንት ታስከፍላላችሁ?» ማለት ክርክር መፍጠር አይደለም። ስምምነቱ በጽሑፍ ሳይመጣ ግን አንድ ዶላር አትላኩ።

ሰዎች ስለ ክሬዲት ሪፖርት ይጠይቁናል። ሦስቱ ድርጅቶች፣ ኢክዊፋክስ፣ ኤክስፒሪያንና ትራንስዩኒየን፣ ከ500 ዶላር በታች የሆነን፣ የተከፈለንና ኮሌክሽን ከገባ ዓመት ያልሞላውን የሕክምና ዕዳ ሪፖርት ላይ ላለማውጣት ወስነዋል። ሁሉንም የሚያስወጣው የፌዴራል ደንብ ግን ሐምሌ 2025 በፈረንጆች በቴክሳስ ፍርድ ቤት ተሽሯል። «ታግዷል ሲባል ሰምቻለሁ» ብላችሁ አትዘናጉ።

አንድ ከባድ ነገር እንጨምር። የክስ ዘመኑ ያለፈበት ዕዳ አለ፤ ሰብሳቢው በእሱ መክሰስም ሆነ በክስ ማስፈራራት አይችልም። በብዙ ስቴቶች ትንሽ መክፈል ግን ዘመኑን እንደገና ሊያስጀምረው ይችላል። ተመርቆ ወደ አገሩ ወይም ወደ ሌላ ስቴት የሚሄድም አለ። ፍርድ ቤት የማይደርስበት ሐቅ ግን በአላህ ዘንድ ይቀራል። በእርግጥ የእናንተ እንደሆነ ካረጋገጣችሁ ጻፉት፣ ለቤተሰብ ንገሩ፣ ስትችሉ ክፈሉ። ለማን እንደሚከፈል፣ በተለይ ዕዳው ከተሸጠ በኋላ፣ ዐሊሞችን ጠይቁ፤ ይህ ጽሑፍ ፈትዋ አይደለም።

የማይችል ደግሞ አለ። በሱረቱ ተውባ 60ኛ አያ ዘካ ከሚገባቸው ስምንት ወገኖች መካከል ባለዕዳዎች ተቆጥረዋል። ለሕክምና ዕዳ ገብቶ መክፈያ ያጣ ተማሪ ከእነሱ ሊሆን ይችላል። ዘካ ለመስጠት የማያፍር ወንድም ለመጠየቅ ሲያፍር እናያለን። የመስጂዱን የዘካ ኮሚቴ አነጋግሩ፤ ጉዳያችሁ በምስጢር ይያዛል።

ወንድማችን ቅጹን ሞላ፣ ለሰብሳቢው ደብዳቤ ላከ። ኢንሹራንሱ ጉዳዩን እንደገና አይቶ ከፈለ። የእሱ ድርሻ 240 ዶላር ሆነ። 200 ቀድሞ ስለከፈለ የቀረው 40 ነበር፤ ያንኑ ቀን ከፍሎ ደረሰኙን አሳየን።

ተመሳሳይ ጉዳይ ያላችሁ ከጁምዓ በኋላ እንድታገኙን እንጠይቃለን፤ ደብዳቤውን አብረን እንጽፋለን፣ ኢንሻ አላህ። ያልተከፈቱትን ፖስታዎች እንዳሉ ይዛችሁ ኑ። ፖስታውንም አትጣሉ፤ የተላከበት ቀን የሚገኘው እሱ ላይ ነው።