በውሃ መካከል የሚጠማ ችግኝ



በክረምት መግቢያ ተተክሎ ጥቂት ቅጠል ካወጣ በኋላ ቀጥ ብሎ የቀረ፣ ቅጠሉም ቢጫ ሆኖ የሚጠወልግ የአቮካዶ ችግኝ በየግቢው ይታያል። በዚህ ጊዜ ብዙ ሰው «ጠማው» ብሎ ውሃ ይጨምርለታል። እኛ ግን በዚህች አጭር ጽሑፍ ልናስረዳ የፈለግነው መጠውለግ ሁልጊዜ የጥማት ምልክት አለመሆኑን ነው። በማዳቀል የተዘጋጀ አቮካዶ ፍሬ ለመስጠት 3 ወይም 4 ዓመት ያህል ይፈልጋል፤ ከዘር የበቀለው ደግሞ ከዚያ እጅግ ይዘገያል። ስለዚህ አንድ ችግኝ ሲሞት ከዋጋው ይልቅ የሚያስቆጨው የጠፋው ዘመን ነው።

እንግዲህ ምርመራችንን በቅደም ተከተል እናድርግ።

አንደኛ፣ ሕይወት እንዳለው እንወቅ። ቅርፊቱን በጥፍራችን በትንሹ ስንፍቀው ውስጡ አረንጓዴና እርጥብ ከሆነ በሕይወት አለ። ቡናማና ደረቅ ከሆነ ያ ክፍል ሞቷልና ወደ ታች ዝቅ እያልን እንሞክር።

ሁለተኛ፣ የትኛው ቅጠል ቢጫ እንደሆነ እንመልከት። ከታች ያሉት አሮጌዎቹ ከቀደሙ ብዙውን ጊዜ የናይትሮጅን እጥረት ነው። አዲሶቹ ቢጫ ሆነው ጅማታቸው አረንጓዴ ከቀረ ግን የብረት እጥረትን ያመለክታል። ምክንያቱም ናይትሮጅን ከአሮጌው ቅጠል ወደ አዲሱ ሲዘዋወር ብረት ካለበት ብዙም ስለማይንቀሳቀስ ነው።

ሦስተኛና ዋነኛው፣ አፈሩን እንመርምር። ከግንዱ ጥቂት ራቅ ብለን አንድ ስንዝር ያህል ቆፍረን አፈሩን በእጃችን እንጨብጠው። ደርቆ ከተበተነ ችግኙ በእርግጥ ተጠምቷል። አፈሩ ጭቃ ሆኖ ሳለ ቅጠሉ ከጠወለገ ግን ሥሩን እንጠርጥር። ሥር አየር ይፈልጋል። በዋልካ አፈር ላይ የተቆፈረ ጉድጓድ ደግሞ እንደ ባልዲ ውሃ ስለሚያቁር ሥሩ ይታፈናል፤ ፋይቶፍቶራ የተባለው ሥር አበስባሽ ረቂቅ ተሕዋስም በዚህ እርጥበት ይስፋፋል። ጤነኞቹ ቀጫጭን ሥሮች ነጣ ያሉ ሲሆኑ የታመሙት ጥቁርና በቀላሉ የሚሰበሩ ናቸው። የሞተ ሥር ውሃ መሳብ ስለማይችል ዛፉ በውሃ መካከል ቆሞ ይጠማል፤ ተጨማሪ ውሃም ሞቱን ያፋጥንበታል።

እንዲህ ሆኖ ከተገኘ፣ አፈሩ እስኪጠነፍፍ ውሃ ማጠጣቱን እናቁም፤ የተጠራቀመውም እንዲወርድ በዙሪያው ቦይ እናውጣለት። ግንዱን ሳናስነካ ገለባ እንጎዝጉዝለት። አዲስ ቅጠል እስኪያወጣም ማዳበሪያ አንጨምርበት፤ የታመመ ሥር ማዳበሪያውን ሊጠቀምበት አይችልምና።

ገና ያልተከላችሁ ደግሞ አስቀድማችሁ የክንድ ጥልቀት ያህል ቆፍሩና ጉድጓዱን በውሃ ሙሉት። በማግሥቱም ውሃው ሳይሰርግ ከቆየ፣ አፈር ቆልላችሁ ጉብታ ሥሩና ችግኙን በጉብታው ላይ ትከሉት። የችግኙን ፕላስቲክ አውጥታችሁ፣ የተጠማዘዘ ሥር ካለ ቀስ ብላችሁ ዘርጉት።

ስለዚህ ችግኛችን ሲጠወልግ የውሃ ጣሳውን ከማንሳታችን በፊት አፈሩን ጨብጠን እንየው።