የቁስለኞችና የሕሙማን ጥበቃ በልማዳዊው የሰብአዊነት ሕግ

ታኅሣሥ 20 ቀን 1928 ዓ.ም. በደቡብ ግንባር፣ በዶሎ አቅጣጫ በመልካ ዲዳ ሰፍሮ የነበረው የስዊድን ቀይ መስቀል የሕክምና ጓድ በኢጣልያ አውሮፕላኖች ተደበደበ። በድንኳኖቹ ውስጥ ተኝተው ይታከሙ ከነበሩት የራስ ደስታ ዳምጠው ጦር ቁስለኞች ብዙዎቹ አለቁ፤ አንድ ስዊድናዊ የጓዱ ባልደረባም ሕይወቱን አጣ። ቀደም ሲል ኅዳር 26 ቀን በደሴ የነበረው ሆስፒታል ተመሳሳይ አደጋ ደርሶበት ነበር። ኢትዮጵያም ሆነች ኢጣልያ በዚያን ጊዜ ቁስለኞችን የሚመለከተው የጄኔቭ ስምምነት አባል ስለነበሩ ድርጊቱ በቃል ኪዳን የታሰረ ግዴታን የጣሰ ነበር።

ስምምነቱን ያልፈረመ ተዋጊ ወገን ቢሆንስ? ልማዳዊው ሕግ የሚያገለግለው እዚህ ላይ ነው። ይህ ሕግ መንግሥታት ግዴታ መሆኑን አምነው በተግባር ሲከተሉት የቆየ ሥርዓት በመሆኑ ፊርማ አይጠይቅም፤ በእርስ በርስ ጦርነት ውስጥ መሣሪያ ያነሣውን ወገን ጭምር ያስገድዳል። ዓለም አቀፉ የቀይ መስቀል ኮሚቴ በ1997 ዓ.ም. ባወጣው ጥናት ከዘረዘራቸው 161 ደንቦች መካከል ከ109 እስከ 111 ያሉት ይህንኑ ጉዳይ ይመለከታሉ። ይኸውም ቁስለኞችና ሕሙማን ይፈለጋሉ፣ ይሰበሰባሉ፣ ከአደጋው ቦታ ይነሣሉ፤ ሳይዘገይ ይታከማሉ፤ ከጥቃትና ከዘረፋም ይጠበቃሉ። ፍለጋው «ሁኔታው በፈቀደ መጠን» መባሉ እውነት ነው፤ ነገር ግን ይህ ሐረግ የቸልተኛ መሸሸጊያ እንዲሆን የተጻፈ አይደለም።

ለእርዳታ ሠራተኛ ከሁሉ ይልቅ የሚያስፈልገው «ቁስለኛና ሕሙም» የሚለው ቃል ማንን እንደሚያቅፍ ማወቅ ነው። ወታደር ብቻ አይደለም። ከውጊያ ተግባር የተቆጠበና ሕክምና የሚያሻው ሲቪል፣ ነፍሰ ጡርና አራስ፣ ገና የተወለደ ሕፃን፣ አቅሙ የደከመ ሽማግሌ ሁሉ በዚሁ ይጠቃለላል። ስለዚህ ከውጊያ ቀጣና በእግሩ ተጉዞ፣ ረሀብና ተቅማጥ አዳክሞት ከመጠለያ በር የወደቀ ገበሬ የሕጉ ባለ መብት ነው። መዝጋቢው «ከየትኛው ወገን መጣህ?» ብሎ እስኪጠይቅ ድረስ ሕክምናው ሊቆይበት አይገባም፤ መዝገቡ በኋላ ይሞላል። ለማስቀደምም ሆነ ለማዘግየት የሚፈቀደው መለኪያ የሕመሙ ክብደት ብቻ ነው። የተማረከ የጠላት ወታደር ሕይወቱ በሚያሰጋ ሁኔታ ላይ ከሆነ፣ ቀላል ቁስል ካለው የወገን ወታደር በፊት ይታከማል። ይህን ለበታች ሠራተኞች ማስረዳት አስቸጋሪ እንደሆነ የታወቀ ነው።

በሕክምና ሥነ ምግባር መሠረት የታመመን የረዳ ሐኪም ወይም ድሬሰር፣ የረዳው ሰው ማንም ይሁን ማን፣ በዚህ ምክንያት አይቀጣም።