ወርክሾፓችሁ በአደባባይ ሲተች

ልጅቷ የተናገረችው አጭር ነበር። «ሶልደር ማድረግ ልማር ሁለት ቀን ሙሉ ተቀምጬ የሶልደር ብረቱን አንዴ እንኳ ሳልይዝ ተመለስኩ።» ይህን ያለችው ብዙ ሰው በተሰበሰበበት መድረክ ላይ ነው። ወርክሾፑን ካዘጋጁት አንዱ እኔ ነበርኩና ፊቴ ጋለ። ከመካከላችን አንዱ «በነጻ አስተምረን ይሄ ነው ምስጋናው?» አለ። ሌላው ደግሞ ሽማግሌ ልከን ቃሏን እንድታነሳ እንለምናት የሚል ሐሳብ አመጣ። ሁለቱም ስህተት ነበሩ። ይህን የምጽፈው ተመሳሳይ ቀን ለሚገጥማቸው የሀከር ማኅበራት ነው።

ሀከር ነን የምንል ሰዎች ትችት ለመስማት ከማንም በላይ መዘጋጀት ነበረብን። የጀርመኑ ኬኦስ ኮምፒውተር ክለብ እ.ኤ.አ. በ1984 የፖስታ ቤቱ ቢቲኤክስ የተባለ መረብ የደህንነት ክፍተት እንዳለበት በአደባባይ አሳየ። የአንድ የሐምቡርግ ቁጠባ ባንክ የይለፍ ቃል ተጠቅሞ፣ የራሱን የሚያስከፍል ገጽ ሌሊቱን ሙሉ ደጋግሞ በማስከፈት ከ134 ሺህ ማርክ በላይ አስቆጠረ፤ ከዚያም ነገሩን ለጋዜጠኞች ገልጦ ገንዘቡን መለሰ። እኛ ይህን ታሪክ በኩራት እናወራዋለን። ክፍተት ያሳየን ሰው የሚያስፈራራ መሥሪያ ቤት ስናይም እንናደዳለን። እንግዲህ ወርክሾፓችን ላይ ክፍተት ያገኘችውን ልጅ እኛ ከመሥሪያ ቤቶች በምንጠይቀው መንገድ ልናስተናግዳት ይገባል።

በዚያው በ1984 ስቲቨን ሌቪ «ሀከርስ» በተሰኘው መጽሐፉ የሀከሮችን ሥነ ምግባር ሲዘረዝር ከፊት ያስቀመጠው በእጅ ነክቶ መማርን ነው። ልጅቷ የነገረችን ይህንኑ መጣሳችንን ነበር።

እንዲህ ያለ ትችት ሲመጣ ምን ይደረግ? አንደኛ፣ የመጀመሪያውን ቀን ዝም በሉ። ወርክሾፑን ያስተማረው ሰው መልስ ሰጪ አይሁን፤ አባላትም በየግላቸው ለመከላከል አይሩጡ። መልሱን የሚያዘጋጁ ሁለት ሰዎች ምረጡና «ሰምተናል፣ እያጣራን ነው፣ እስከዚህ ቀን መልስ እንሰጣለን» በሉ። ከዚያ በላይ አትጨምሩ። ሰው ተጎድቶ ከሆነ ግን መጠበቅ የለም፤ ቃጠሎም ይሁን፣ ትንኮሳም ይሁን፣ የሚመለከተው አሠልጣኝ ነገሩ እስኪጣራ ድረስ የዚያኑ ዕለት ከማስተማር ይቁም።

ሁለተኛ፣ የተባለውን ወደሚጣራ ነገር ለውጡት። «ወርክሾፑ ሴቶችን ይገፋል» በሚል ጥቅል ክስ ላይ ተቀምጦ መከራከር ይቻላል፤ «ብረቱን አልያዝኩም» የሚለው ግን ይጣራል። እኛ የምዝገባ ወረቀቱንና ያነሳናቸውን ፎቶዎች ጠረጴዛ ላይ ዘረጋን። የተመዘገቡት 20፣ ብረቶቹ 6 ነበሩ። ፎቶ በፎቶ ስናይ ሴቶቹ ሰርኪዩቱን ደግፈው ይዘዋል ወይም በስልካቸው መብራት ያበራሉ፤ ብረቱ ያለው ከወንዶቹ እጅ ነው። አንዷ ፎቶ እስከ ዛሬ ከዓይኔ አልጠፋችም። አሠልጣኙ ከተማሪዋ ትከሻ በላይ ጎንበስ ብሎ ብረቱን ከእጇ እየወሰደ ነው፤ ፊቱ ላይ ደግነት እንጂ ክፋት አይታይም። ሊያግዛት ነበር። ያ አሠልጣኝ እኔ ነኝ።

ሦስተኛ፣ ተናጋሪዋን አነጋግሩ፤ ግን በፈቃዷ። አንድ ሰው ብቻ ይደውልላትና ለመናገር ትፈልግ እንደሆነ ይጠይቃት። አልፈልግም ካለች እዚያው ይብቃ። በጓደኛ፣ በዘመድ፣ በታላቅ ሰው በኩል አትምጡባት። ሽምግልና የተጣሉ ሰዎችን ለማስታረቅ ትልቅ ነገር ነው፤ እውነት የተናገረን ሰው ዝም ለማሰኘት ሲውል ግን ከጫና አይለይም። እኛ ዘንድ ይሉኝታ ስላለ አንድ ሰው በአደባባይ የተናገረውን ሌሎች ብዙዎች በሆዳቸው ይዘውት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ሌሎቹን ተሳታፊዎችም ስማቸውን ሳይጽፉ የሚመልሱት አጭር መጠይቅ ስጧቸው።

አራተኛ፣ መልሳችሁን ትችቱ በተነገረበት ቦታ ስጡ። በአደባባይ ለተነገረ ነገር በጓዳ ይቅርታ አይበቃም። መልሱ እንዲህ ሊሆን ይችላል፦ «ለ20 ሰው 6 ብረት ብቻ አቅርበን ነበር። አሠልጣኞቻችን የተማሪዎችን ሥራ ከእጃቸው ወስደው ይሠሩ ነበር። የቀረበው ቅሬታ ትክክል ነው፤ ይቅርታ እንጠይቃለን። ከሚቀጥለው ወርክሾፕ ጀምሮ የምንለውጠው ይህን ነው፤ ተጠያቂው እገሌ ነው።» «ቅር ያላችሁ ካላችሁ» የምትለዋን ሐረግ አውጧት፤ ጥፋቱን ወደ ሰሚው ስሜት ታሸጋግራለች። በጎ ፈቃደኞች መሆናችሁንም አታንሱ፤ እውነት ቢሆንም እዚህ ቦታ የለውም። ከትችቱ ውስጥ ስህተት የሆነ ነገር ካለ ያመናችሁትን ካስቀደማችሁ በኋላ ማስረጃውን ይዛችሁ በአንድ ዓረፍተ ነገር አርሙት። ስለ ተናጋሪዋ ዓላማ ምንም አትበሉ።

አምስተኛው ብዙ ሥራ ያለበት ነው፤ ወርክሾፑን መለወጥ። እኛ ቁጥሩን በብረቶቹ ልክ ወሰንን፤ ለ6 ብረት 12 ሰው። ሁለት ሁለት ሆነው በየ15 ደቂቃው ይቀያየራሉ፤ ሰዓቱን የሚይዝ ሰው አለ። አሠልጣኝ የተማሪን ብረት አይነካም፤ ማሳየት ካስፈለገው በራሱ ቁራጭ ሰርኪዩት ላይ ያሳያል። ይህ ሕግ መጀመሪያ ላይ ከበደኝ። ቆርቆሮው ተድቦልቡሎ ሲቀር እያዩ እጅን ማጠፍ ቀላል አይደለም። ሆኖም ተማሪው በሰርኪዩቱ ላይ ያለውን የመዳብ ነጥብና የኤሌክትሮኒክስ ክፍሉን እግር አብሮ ማሞቅ እንዳለበት የሚገባው አንድ ሁለቴ ራሱ ካበላሸ በኋላ ነው። መስኮት ይከፈት፤ እርሳስ ያለበት ሶልደር ከሆነ ምግብ ወደ ጠረጴዛው አይቅረብ፣ ሲያበቃም ሁሉም እጁን ይታጠብ።

ለውጡን የምትወስኑበት ስብሰባ ለማንም ክፍት ይሁን። የሳን ፍራንሲስኮው የሀከሮች ቦታ ኖይዝብሪጅ የማክሰኞ ስብሰባውን ለእንግዳ ክፍት ማድረጉ ጥሩ አርአያ ነው።

በመጨረሻ ውጤቱን ያንኑ ቦታ ተመልሳችሁ ተናገሩ፤ ስንት ሰው ተመዘገበ፣ ስንቱ በገዛ እጁ ሶልደር አደረገ። በሚቀጥለው ዙራችን 12ቱም የሠሩትን መብራት እያበሩ ወደ ቤታቸው ወሰዱ። ልጅቷ አልተመለሰችም፤ እንድትመለስም አልጎተጎትናት። እናንተ ግን እንዲህ የሚል ሰው እስኪመጣ አትጠብቁ፤ ቀጣዩን ምዝገባ ከመክፈታችሁ በፊት ብረቶቻችሁን ቁጠሩ።