ቃል፣ ቃናና ገጽ፦ ልጆች ምልክት ማንበብን እንዲማሩ

ሕፃን ቃልን ከመለየቱ አስቀድሞ ድምፅን ይለያል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1980 የታተመ አንድ የታወቀ ጥናት፣ ከተወለዱ ሦስት ቀን እንኳ ያልሞላቸው ሕፃናት ከሌላ ሴት ድምፅ ይልቅ የእናታቸውን ድምፅ እንደሚመርጡ አሳይቷል። ስለዚህ ልጅን ስለ ድምፅና ስለ ገጽ ስናስተምር ከባዶ አንጀምርም። በስሜት የሚያውቀውን በማስተዋል እንዲያውቀው እንረዳዋለን።

አስቀድመን የምንጠቀምባቸውን ስሞች እንወስን። «ቃል» የምንለው የተነገረውን ነገር ነው። «የድምፅ ቃና» ቃሉ የተነገረበት መንገድ ነው፤ ይኸውም የድምፁ መቅጠንና መወፈር፣ ጉልበቱ፣ ፍጥነቱ፣ በመካከል የሚደረገው ዕረፍት ነው። «የሰውነት ቋንቋ» ደግሞ ፊት፣ ዓይን፣ እጅ፣ ትከሻና አቋቋም የሚያሳዩት ነው፤ ሁለት ሰዎች ሲነጋገሩ ተጠጋግተው ወይም ተራርቀው መቆማቸውም በዚህ ውስጥ ይገባል። ቃናንና የሰውነት ቋንቋን አንድ ላይ «ምልክት» እንላቸዋለን።

አሁን አንድ ምሳሌ እንመልከት። እናት ልጇን «ይህን ሳህን ወደ ጓዳ አስገባልኝ» ትለዋለች፤ ልጁም «እሺ» ይላል። ብድግ እያለ ቶሎ ካለው ፈቃደኛ ነው። ዓይኑን ከቴሌቪዥኑ ሳይነቅል ጎተት አድርጎ ካለው፣ «ቆይ» ማለቱ ነው። በአፍንጫው አጉረምርሞ ትከሻውን ጥሎ ከተነሣ ግን፣ እጁ ቢታዘዝም ልቡ እንዳልታዘዘ እናቱ ታውቃለች። ቃሉ አንድ ሲሆን የተነገረው ሦስት ነገር ነው። ይህን ከልጆች ጋር በጨዋታ መልክ ልናደርገው እንችላለን። አንዱ ጀርባውን ሰጥቶ «እሺ» ይላል፤ ሌሎቹ ፊቱን ሳያዩ ደስ ብሎት ወይስ ከፍቶት እንደተናገረ ይለያሉ። ቀጥሎ ድምፅ ሳይወጣ በገጽ ብቻ ይደገማል። ልጆቹ ቃናና ገጽ ሁለት የተለያዩ ምስክሮች መሆናቸውን በዚህ ይረዳሉ።

እዚህ ላይ አንድ የተለመደ አባባል ማረም ያስፈልጋል። በየሥልጠናው አዳራሽ «ከመልእክት ውስጥ 93 በመቶው ከቃል ውጭ ነው» ሲባል እንሰማለን። ቁጥሩ የመጣው አልበርት መህራቢያን የተባለው የሥነ ልቦና ሊቅ በ1967 ካወጣቸው ጥናቶች ነው። እርሱ የመረመረው ግን ቃልና ምልክት ሲጋጩ ሰው የተናጋሪውን የመውደድና የመጥላት ስሜት ከምን እንደሚረዳ ነበር፤ ቁጥሩ ለንግግር ሁሉ እንደማያገለግልም ራሱ ገልጿል። ስለዚህ ልጆችን «ቃልን ተዉት፣ ፊትን እዩ» ብለን አናስተምርም። ቃልም ምልክትም በየድርሻቸው ይናገራሉ።

እስካሁን ያየነው ምልክት እንዳለና እንደሚናገር ነው። የሚቀጥለው ከዚህ ይከብዳል፤ ምልክትን ማየትና ምልክትን መተርጎም አንድ አይደሉም።

ለዚህ ትምህርት በመጽሐፍ ቅዱስ ካሉት ታሪኮች ከሐና ታሪክ የተሻለ አላውቅም። በመጀመሪያው መጽሐፈ ሳሙኤል እንደተጻፈው፣ ሐና ልጅ አጥታ በሴሎ በእግዚአብሔር ፊት በልቧ ትጸልይ ነበር። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፤ ድምፅዋ ግን አይሰማም። በመቅደሱ መቃን አጠገብ የተቀመጠው ካህኑ ዔሊ አፏን ሲመለከት ሰክራለች ብሎ አሰበ፤ ገሠጻትም። ዔሊ ያየው ነገር እውነት ነበር፤ ከንፈሯ በርግጥ ይንቀሳቀስ ነበር። የተሳሳተው ካየው ተነሥቶ ወደ ፍርድ ሲሻገር ነው። እርሷ መጠጥ እንዳልቀመሰች፣ ልቧ አዝኖ እንደሆነ በትሕትና ስትነግረው ግን ሰማት፣ በሰላም እንድትሄድም መረቃት። ልጆችን በዚህ ታሪክ ስናስተምር ሁለት ጥያቄ እንጠይቃቸዋለን፦ «ዔሊ ምን አየ? ምንስ መሰለው?» ቀጥለን ይህንኑ ወደ ሰፈራቸው እናመጣለን። «ጓደኛዬ ንቆኛል» የሚል ልጅ ሲመጣ «ምን አየህ?» እንበለው። «ሰላም ስለው ዝም ብሎኝ አለፈ» ይላል። ያየው ይህ ነው፤ ንቀቱ ግን የእርሱ ትርጉም ነው። ምናልባት ያ ልጅ አልሰማም፤ ምናልባት ቤት ውስጥ ተቆጥተውት ነው የወጣው። የሚሻለው ነገ ቀርቦ «ትናንት ምን ሆነህ ነበር?» ብሎ መጠየቅ ነው።

ከዚሁ ጋር ጩኸትና ቁጣ መለየት አለባቸው። ጩኸት የድምፅ መጠን ነው፤ ቁጣ የልብ ሁኔታ ነው። ከብት የሚጠብቅ ሰው ከማዶ ሲጣራ ይጮኻል እንጂ አልተቆጣም። በዝግታ ተናግሮ የሚቆጣ ሰውም አለ፤ ብዙ ልጆች አባታቸው ድምፁን ዝቅ ሲያደርግ ነው የሚፈሩት።

የምልክት ትርጉም በአገርም ይለያያል። እኛ ዘንድ ታናሽ ታላቁ ሲናገረው ዓይኑን ሰበር ማድረጉ አክብሮት ነው፤ ሲቀበልም በሁለት እጁ፣ ወይም በቀኙ እየተቀበለ በግራው ክንዱን ደግፎ ነው። በአሜሪካ ትምህርት ቤት ግን መምህሩ ሲናገረው ዓይኑን የሚሰብር ልጅ የማያዳምጥ ወይም የሚደብቀው ነገር ያለው ሊመስል ይችላል። ከንፈር መምጠጥ እኛ ጋ ሐዘኔታ ነው፤ ያንን የሚመስል ድምፅ በእንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ዘንድ አለመደሰትን ያሳያል። በዋሽንግተን ተወልዶ አያቱን ለመጠየቅ ጎንደር የመጣ ልጅ፣ አያቱ ትንፋሿን ወደ ውስጥ ስባ «አዎ» ስትለው የደነገጠች ሊመስለው ይችላል። እንዲህ ላለው ልጅ አንዱን ትክክል፣ ሌላውን ስሕተት አድርገን አንንገረው። «መምህርህን ቀና ብለህ እየው፤ አያትህ ጋ ስትሆን አንገትህን ዝቅ አድርግ፤ በሁለቱም እያከበርክ ነው» እንበለው። ልጆች ሁለት ቋንቋ እንደሚይዙ ሁሉ ሁለት ሥርዓትም ይይዛሉ። የሰው ዓይን ማየት ከልብ የሚያስጨንቃቸው ልጆች፣ ለምሳሌ ኦቲዝም ያላቸው ብዙዎች፣ ዓይን ሳያዩም በደንብ ሊያዳምጡ ስለሚችሉ በግድ «እየኝ» አይባሉም።

እንግዲህ ያልነውን እንሰብስብ፦ ምልክት ይናገራል፤ ያየነውና የመሰለን ይለያያሉ፤ ትርጉሙም ከቦታ ቦታ ይለወጣል። ይህን ሁሉ ልጅ በስንት ዓመቱ ይችለዋል? በ2001 በካናዳ የወጣ ጥናት ከ4 እስከ 10 ዓመት ላሉ ልጆች ቃሉ ደስ የሚል፣ ቃናው ግን ያዘነ ንግግር፣ ተገላቢጦሹንም አሰምቶ ተናጋሪው ምን እንደተሰማው ጠየቃቸው። አዋቂዎች በቃናው ፈረዱ። ትንንሾቹ ግን በአብዛኛው በቃሉ ፈረዱ፤ ወደ ቃናው የሚያዘነብሉት ከፍ እያሉ ሲሄዱ ነው። ቃናውን መስማት አቅቷቸው አይደለም፤ ከቃል ጋር ሲጋጭ ቃሉን ስለሚያምኑ ነው።

ይህ ለወላጅ ትልቅ ትርጉም አለው። ሽሙጥ ማለት ቃሉ አንድ ነገር ሲል ቃናው ተቃራኒውን የሚልበት ንግግር ነው። የ5 ዓመት ልጅ ወተት ሲደፋ «ጎበዝ! በጣም ጥሩ!» ብንለው ምናልባት ፈገግ ይላል። እኛ ግን ፈገግታውን እንደ ድፍረት ቆጥረን እንቆጣለን። ልጁ ያመነው ቃላችንን ነው፤ የተቀጣውም ስላመነን ነው። ለትንሽ ልጅ «ወተቱ ፈሰሰ፤ ጨርቅ አምጣና አብረን እንጥረገው» ማለት ይበቃል። ሽሙጥን ሲያድግ ከሰፈር ይማረዋል፤ ከእኛ መማር የለበትም።

ከሁሉ ይልቅ ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ልጁ በትክክል ባነበበን ጊዜ ነው። እናት ከሥራ ደክማ ገብታ ድስቱን ጠበቅ አድርጋ ታስቀምጣለች፤ ግንባሯ ተቋጥሯል፤ መልሷ አጭር ነው። ልጇ ቀሚሷን ይዛ «እማዬ፣ ተቆጥተሻል?» ትላታለች። «ምንም አልሆንኩም!» የሚለው መልስ ቶሎ ይመጣል። ልጅቷ ግን ዓይኗ ያየውንና ጆሮዋ የሰማውን ይዛ ነው የጠየቀችው፤ እንዲህ ስትባል የሚቀርላት ወይ እናቷን አለማመን ነው፣ ወይ የራሷን ዓይን። ብዙ ልጆች እናታቸውን ያምኑና የገዛ ማስተዋላቸውን ይተዋሉ። ስለዚህ እናት ጎንበስ ብላ «አዎ፣ ልክ ነሽ፤ ደክሞኛል፣ ሥራ ቦታም የከፋኝ ነገር ነበር። አንቺ ምንም አላጠፋሽም» ትበላት። ልጅቷ ያየችው ልክ መሆኑን ታውቃለች፤ የእናቷ ፊት የተቋጠረው በእርሷ እንዳልሆነም ትረዳለች። ይህን መልስ በየጊዜው የሰማ ልጅ በማግስቱ ትምህርት ቤት ጓደኛው አኩርፎ ሲያይ፣ ሳይፈራና ሳይፈርድ ቀርቦ ለመጠየቅ አይቸገርም።